የሩሲያ ባላባት ቤት እንጦጦ ዳገት ላይ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ውሃ መጣች። ከስንት ቀን በኋላ! በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር ሞላ። ከበበ "ሴትዮ፣ ማንኪያውንም ሙዪው እንጂ" ብሎ አሾፈ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እኔ ላይ ማሾፍ ሆኗል። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው ተማሪ ሲያጣ ሚስቱን ያስቸግራል።

ከሰዓት ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር።

"ኢንጂነር ሰርክአዲስ ነዎት? ጠሀ እባላለሁ። ኮተቤ የበር፣ የመስታወትና የሴራሚክ ነጋዴ ነኝ። እርስዎ ስለ ሩሲያ ባላባቶች ቤት የተማሩ ነዎት አሉኝ... እውነት ነው?"

ሳቄ መጣ። ይህን ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀኝ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ነበር፤ በ81 ዓ.ም. ከሌኒንግራድ እንደተመለስኩ። ዲፕሎማዬን አገላብጦ "የባላባት ቤት? እኛ ባላባቱን አባረን የእህል መጋዘን እየሠራን ነው፣ እህቴ" አለኝ። መጋዘን ሠራሁ። ጤና ጣቢያ ሠራሁ። ሽንት ቤት ሠራሁ፤ ያውም በናሙና ፕላን፣ ከሞያሌ እስከ መተማ አንድ ዓይነት። የኔ ነው የምለው ቤት ግን... አንድም።

"እውነት ነው" አልኩት ጠሀን። ቤት ሊሠራበት ያሰበውን ቦታ ለማየት ቅዳሜ ልሄድ ነው።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ከየካ አባዶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መድረስ ራሱን የቻለ መንገደኝነት ነው። ሰልፍ፣ ሚኒባስ፣ እንደገና ሰልፍ፣ እንደገና ሚኒባስ። ከዚያ በእግር ዳገት። ቦታው ጠባብና ረጅም ነው። ከላይ ባህር ዛፍ፣ ከታች ከተማው በሙሉ። ነፋሱ ይቆርጣል።

ጠሀ አርባ አምስት ቢሆነው ነው። ቀልጣፋ። አምና ለዕቃ ግዢ ሩሲያ ሄዶ ሳለ አንድ የድሮ ባላባት ቤት አስጎብኝተውታል። ስልኩ ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ እሱው ነው። ነጭ አምድ፣ ቢጫ ግድግዳ፣ ከፊቱ ሣር። ጠሀ ከአምዱ ጋር፣ ጠሀ አምዱን አቅፎ...

"እትዬ ሰርክአዲስ፣ እንደዚህ ያለ ቤት ይሥሩልኝ። ሰው ሁሉ ሰማያዊ መስታወት ነው የሚደረድረው። እኔው ነኝ የምሸጥላቸው፤ ግን ታክቶኛል።"

"አምዱን መታ መታ አድርገኸዋል?"

"ኧረ! ለምን?"

"ብዙዎቹ እኮ እንጨት ናቸው። ሳንቃ በክብ ገጥመው፣ ላዩን ለስነው፣ ነጭ ቀብተው... ድንጋይ ያስመስሉታል። ሲመቱት ባዶ በርሜል ነው።"

አፉን ያዘ። "ፎርጅድ ነው በሉኛ!"

እንዲህ የሳቅኩት መቼ ነበር?

ባለቤቱ ኢልሃምም አብራን ነበረች። ብዙ አልተናገረችም። ከቤቱ ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት "ሰፊ ጓዳ" አለችኝ፣ በቃ። ጻፍኩት።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስሥል ዋልኩ። ከበበን ከምግብ ጠረጴዛው አባረርኩት፤ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በላ።

የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ለካ ሁሉም አለ። ኡሳድባ ይሉታል ሩሲያዎች፤ የባላባት የገጠር ግቢ ማለት ነው። ንጉሣቸው መኳንንቱን ከግዴታ አገልግሎት የፈታቸው በፈረንጅ 1762 ነው። ከዚያ ወዲያ ባላባት የተባለ ሁሉ ወደ ርስቱ ሮጠ፤ ቤት መሥራት ፋሽን ሆነ። ዋናው ቤት ከፍታ ላይ፣ ወንዙን ቁልቁል እያየ። ግራና ቀኝ ክንፍ የሚሏቸው ትናንሽ ቤቶች። ከውጪው በር እስከ ደጃፉ በሰልፍ የተተከለ ዛፍ። ወጥ ቤቱ እሳትና ሽታው እንዳይደርስ ራቅ ብሎ ለብቻ። ምግቡ ጠረጴዛ ሲደርስ በረዶ! የኛስ መኳንንት? እልፍኙ ለብቻ፣ አዳራሹ ለብቻ፣ ማድ ቤቱ ለብቻ። ሳይተዋወቁ ተመሳሰሉ።

ጉልበቱም ያው ነው። እዚያ ግድግዳውን ያቆመው፣ ጣሪያውን የሣለው፣ ከነመሬቱ የሚሸጥ የሚለወጥ ገበሬ ነበር። እዚህ ደግሞ ጢሰኛው... ይህን ስጽፍ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ቢሆንም ቤቱ ያምራል። ምን ላድርግ? ሁለቱም እውነት ነው።

አብዮቱ ሲመጣ የነሱ ግቢ ሳናቶሪየምና የልጆች ማሳደጊያ ሆነ፤ የኛ የቀበሌ ቤት ሆነና አዳራሹ በኮምፖርሳቶ ለስድስት አባወራ ተከፈለ። እዚያም ላይ ተመሳሰልን።

እኔን የለከፈኝ ግን አምዱም ዛፉም አይደለም። በሮቹ ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ልለካው የሄድኩት ቤት የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ ሆኖ ቆይቶ የተዘጋ ነበር። ጠባቂዋ ሴትዮ ቁልፏን እያንቃጨለች ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፈተችልኝ። በር ፊት ለፊት በር፣ እሱ ፊት ለፊት ሌላ በር፣ ሁሉም በአንድ መስመር። አንፊላዳ ይሉታል። የመጨረሻው ሲከፈት ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የጠሀ ቦታ ጠባብና ረጅም... ለዚህ የተፈጠረ! በመንገድ በኩል ካለው መግቢያ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ አምስት የውስጥ በር በአንድ መስመር ደረደርኩ። እግዜር ቢያቆየኝ ቆሞ አየዋለሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ፕላኑን ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። በሴራሚክ ክምር መሃል ጠረጴዛ ተጠረገልኝ። ጠሀ ጨፈረ ማለት ይቻላል።

"አምዱ ከመንገድ ይታያል አይደል?"

"ይታያል።"

"አራት ነው? ስድስት ብናደርገውስ?"

"ጠሀ!"

"እሺ፣ አራት።"

ኢልሃም ጣቷን የመጀመሪያው በር ላይ አሳረፈች። "ይሄ ሲከፈት ይሄኛው ይታያል?"

"አዎ።"

"ከዚያ ይሄኛው?"

"አዎን! ውበቱ እሱ እኮ ነው።"

ጣቷ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ደረሰ። "ይሄስ ምንድን ነው?"

"ጓዳሽ። ሰፊ ብለሽኝ አልነበር?"

ቀና ብላ አየችኝ። "እንግዳ ጫማውን እያወለቀ ጓዳዬን ያያል ማለት ነው?"

ጠሀን ሳል ያዘው። እኔ ስለ ብርሃን፣ ስለ ርቀት፣ ስለ ሌኒንግራድ አወራሁ... አወራሁ። ጨዋ ናት፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። "እትዬ፣ ሩሲያዎቹ ጓዳ የላቸውም ይሆናል። እኔ ግን ድስቴ ሞልቶም ይሁን ጎድሎ፣ ልብሴ ታጥፎም ይሁን ተከምሮ፣ ገበናዬ ነው። በር ከፍቼ ለሰው አላሰጣውም።"

"እሺ፣ ጓዳውን አንስቼ መኝታ ቤቱን እዚያ ባደርገውስ?"

"ይባስ!"

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ተናድጃለሁ። በሮቹን ላፈራርቃቸው? ያማ ማንኛውም ቤት ነው። የዚህ ቤት ነፍሱ መስመሩ ነው! ለከበበ ነገርኩት፤ ያግዘኛል ብዬ። "ልጅቷ ልክ ናት" አይለኝም?

"አንቺስ?" አለ። "አሁን ጎረቤታችን አገርነሽ ብትመጣ..."

አፉን ሳይዘጋ በሩ ተንኳኳ። እውነትም አገርነሽ! ሽንኩርት ፈልጋ። እኔ ምን አደረግኩ? ሮጬ የመኝታ ቤቱን በር ጥርቅም። አልጋው አልተነጠፈማ። ከዚያ የወጥ ቤቱን ጥርቅም። ሽንኩርቱ ያለው ወጥ ቤት መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዘጋሁት በኋላ ነው። ከበበ ሶፋው ላይ በሳቅ ተንፈራፈረ።

አኮረፍኩት። እስከ ራት።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

አገኘሁት! ሩሲያዎቹም ጓዳ ነበራቸው። በመስመር የተደረደሩት ክፍሎች ለእንግዳ ማሳያ ናቸው እንጂ ባላባቱ ከነልጆቹና ከነሞግዚቱ የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ጣሪያቸው ዝቅ ባለ ትናንሽ ክፍሎች ውስጥ። ጠባብ ግን ሞቃት። ያን ቤት ስለካ ደረጃውን ወጥቼ አይቻቸዋለሁ እኮ! ጽሑፌ ውስጥ አንድ አረፍተ ነገር ሰጠኋቸውና አለፍኩ። ማን ስለ ጓዳ ይጽፋል?

ወዲያው ደወልኩላት። "ኢልሃም፣ ጓዳሽን ላይ እናድርገው! ልክ እንደ ባላባቶቹ። ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ማንም የማያየው..."

አላስጨረሰችኝም። "እትዬ፣ ከነድስቴ ቆጥ ላይ ሊሰቅሉኝ ነው? እንደ ዶሮ?"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ግን እምቢ ማለቷ ነው።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ጽዮን ማርያም። ከከበበ ጋር እንጦጦ ማርያም ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ የድሮውን የንጉሥ ግቢ ዞር ዞር ብለን አየን። ጭቃና እንጨት፣ ላዩ ነጭ ኖራ፣ ምንም ጉራ የለውም። አዳራሹ ለብቻ፣ መኝታው ለብቻ። ግብር የበላው ሰው መኝታውን ሳያይ ይሄዳል። ከበበ ጎሸም አደረገኝ። "ንጉሡም ከኢልሃም ጋር ናቸው" አለኝ።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ጠሀ ደወለ። ድምፁ ሌላ ነው።

"እትዬ፣ ቤቴ ውስጥ ሰላም ጠፋ። እሷ የማትወደውን ቤት አልሠራም። እርስዎም መስመሩን አልለቅም ይላሉ። እስከ ቅዳሜ ካልተስማማችሁ... አንድ ልጅ አለ፣ የጂ ፕላስ ቱ ፕላን ሠርቶ አሳይቶኛል።"

"ሰማያዊ መስታወት ነው?"

"...ነው።"

መሳቅ አልቻልኩም። ስልሳ ሞላኝ። ሌላ ጠሀ ከየት ይመጣል? ይህ ቤት ካልቆመ ከኔ የሚቀረው መጋዘንና ሽንት ቤት ነው። መስመሩን ብተወው ደግሞ የሚቆመው ቤት የኔ አይደለም። ፈራሁ። እውነቱ እሱ ነው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

እርሳስ አልነካሁም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ጠዋት ኢልሃም ራሷ ደወለች። "ወረቀት ላይ አይገባኝም እትዬ። ቦታው ላይ እንገናኝ።"

ኖራ ይዤ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች። ክፍሎቹን መሬት ላይ አሰመርን፤ በሮቹ ጋ ግራና ቀኝ ድንጋይ አስቀመጥን። ነፋሱ ኖራውን ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ዱቄት የነካን አይጦች መሰልን።

"አሁን እኔ እንግዳ ነኝ" አለች። "እርስዎ ኢልሃም ነዎት። ጓዳ ይግቡ።"

ገባሁ። እሷ ታች ወርዳ በሌለ በር ላይ አንኳኳች። "አሰላሙ አለይኩም!"

"ወአለይኩም ሰላም" አልኩና ቀና አልኩ። አምስቱን በር አሳልፋ ቀጥ ብላ ታየኛለች። እኔ ደግሞ ኖራ በኖራ ሆኜ፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ... አፈርኩ! ባዶ መሬት ላይ፣ ግድግዳ በሌለበት፣ እውነተኛ እፍረት። እጄ ሳላዝዘው በር ለመዝጋት ተዘረጋ። ምን ልዘጋ? ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ያን ጊዜም ነው ሌላው ነገር ብልጭ ያለልኝ። ሩሲያዎቹም እንግዳቸውን በመስመሩ ጫፍ አያስገቡም እኮ! መግቢያቸው የቤቱ ወገብ ላይ ነው፤ በሮቹ ከዚያ ወደ ጎንና ጎን ይሄዳሉ። ቦታው ጠበበኝ ብዬ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

"ኢልሃም! ዞረሽ በረጅሙ ጎን ነይ! መሃል ላይ!"

ዞረች። አንኳኳች። "አሁንስ ያዩኛል?"

"አላይሽም!"

"እኔም አላይዎትም!"

ሁለት አሮጊቶች (እሷ ገና ናት) በባዶ ሜዳ "አላይሽም፣ አላይዎትም" እያልን ስንጮህ የጎረቤት ዘበኛ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየን ነበር። የውስጥ በሮቹ ሁሉ በቦታቸው ቀሩ። አንድም አልተነካ። መኖራቸውን የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው።

ግን አምዶቹስ?

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ጠሀ ሰማ። "በሩ ወደ ጎን ሲዞር አምዶቼስ?"

"በሩን ተከትለው ይዞራሉ።"

"በዚያ በኩል ያለው እኮ የሰው አጥር ነው! አጥር እንዲያያቸው ነው የማቆማቸው?"

ነገርኩት። ባላባቶቹ መስኮት ሲጎድላቸው ግድግዳው ላይ መስኮት ያስሥሉ ነበር፤ የፊቱ ሚዛን እንዳይዛነፍ። እንጨቱን ድንጋይ ነው ያሉ ሰዎች ለዚህ አያፍሩም። ስለዚህ አምዶቹ መንገዱን እያዩ ይቁሙ። ከኋላቸው በር የለም፣ በረንዳ ብቻ።

"በር የሌለው በረንዳ? ሰው ምን ይለኛል?"

ኢልሃም ጣልቃ ገባች። "ምን ይላል? አመሻሽ ላይ በአምዶቹ መሃል ቁጭ ትላለህ፤ ላይ ታች የሚለው ሁሉ ያይሃል።"

ጠሀ አሰበ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ። "እንግዲያው ስድስት ይሁና።"

"አራት!" አልነው ሁለታችንም ባንዴ።

ጂ ፕላስ ቱ ቀረ! ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ረዳቱ "እናቴ፣ ሰላም ነው?" አለኝ። "ሰላም ነው" አልኩት። ከዚህ በላይ ምን ሰላም አለ?

የካቲት 20፣ ሐሙስ

የግንባታ ፈቃዱ ወጣ። የብረትና የኮንክሪቱን ስሌት የሠራልኝ ትንሳኤ ነው፤ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ልጅ። ወረቀቱ ላይ ስሜ አለ። ደጋግሜ አየሁት።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

አምዶቹ ቆሙ። ኮንክሪት ናቸው፤ ጠሀ እየዞረ በጣቱ ያንኳኳቸዋል። "ኦሪጅናል!" ይላል። ሰፈሩ ተከፋፍሏል። ግማሹ ባንክ ነው ይላል፣ ግማሹ ኤምባሲ። አንዲት እናት ከላይ ሲወርዱ ቆም ብለው "ልጄ፣ የማን ቤተ መንግሥት ነው?" አሉኝ።

"የነጋዴ ቤት ነው፣ እናቴ።"

"በሩስ የታለ?"

"በጎን ነው።"

"ብልህ ሰው ነው" ብለው ወረዱ።

መስመሩን ልይ ብዬ ገባሁ። የት ይታያል! ክፍሎቹ ጣሪያውን በደገፈ አጣና ተሞልተዋል። ጫካ ነው። አንዱን በር እንኳ በቅጡ አላየሁም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ዳገቱ ጭቃ። ጉልበቴ አበጠ፤ ሐኪሙ ዳገት ከለከለኝ። ትንሳኤ ፎቶ ይልክልኛል። የበሮቹን ፎቶ ላክልኝ ብለው የበር እጀታ ላከ። እጀታውማ ጥሩ ነው...

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ገቡ! ጠሀ ደወለ። እሑድ ሳምንት ምሳ ተጠርተናል። ከበበ ሱፉን አወጣ፤ ቁልፉ አልደርስ አለው። "ጾሙ ያስተካክለዋል" ብሎ መልሶ ሰቀለው።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሄድን። ጉልበቴ እየጮኸ ዳገቱን ወጣሁ። ጠሀ በአምዶቹ መሃል ቆሞ ጠበቀን፤ ሊወርድልን አልፈለገም፣ ከዚያ ሆኖ እንድናየው ነው። ቢጫ ግድግዳ፣ ነጭ አምድ፣ ከኋላው የእንጦጦ ባህር ዛፍ። ያምራል። እኔ ብዬው ሳይሆን ያምራል።

በጎን ገባን። ጫማችንን አወለቅን። ሳሎኑ ብርሃን በብርሃን። አንገቴን ወደ በሮቹ አዞርኩ...

መጋረጃ!

በየበሩ መጋረጃ። ወፍራም፣ ወይን ጠጅ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ወለል የሚጠርግ። የምን መደነቅ ነው? በር ካለ መጋረጃ አለ። የኔ ቤትስ? ያ ሁሉ ወር ስሥል፣ ስጨቃጨቅ፣ ይህን አንዴ እንኳ አላሰብኩም። ከበበ ፊቴን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። አላሾፈም። እሱ ባሰብኝ።

ኢልሃም መጾማችንን አስባ ለኛ በሌላ ድስት ለብቻ ሠርታልናለች። ሙያ ነው። እኔ ግን ከሁለት ጉርሻ አላለፍኩም። ጠሀ "ያምራል አይደል?" ይላል። "በጣም" እላለሁ። አልዋሸሁም። እንባዬ ግን ቀርቦ ነበር። መስመሩ አለ፤ ማንም አያየውም። እኔም ሳላየው ልሄድ ነው።

ሳህን ሲነሳ ጠሀ ከበበን አምዶቹን ላሳይዎት ብሎ ወደ በረንዳው ወሰደው። ኢልሃም እጄን ያዘች። "እትዬ፣ አንዴ ይምጡ።" መጋረጃውን እየገለጠች፣ ከኋላችን መልሶ እየተዘጋ፣ ጓዳ አስገባችኝ። ሰፊ ነው። የጤፍ ጆንያ፣ ያልታጠበ ሳህን ክምር፣ ወንበር ላይ የተጣለ የልጆች ልብስ፣ የተገነጠለ የሽንኩርት ከረጢት። አንዱንም አልሸፈነችብኝም። "እዚህ ይቁሙ" ብላኝ ወጣች።

የቀለበት ድምፅ ሰማሁ። ሸርተት። የቅርቡ መጋረጃ ወደ ጎን ሄደ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ሦስተኛው...

ተከፈተ። በር፣ በር፣ በር፣ በር፣ በር፣ ከዳር መስኮት። የከሰዓት ፀሐይ ከዚያ ጫፍ ተነሥታ በወለሉ ላይ እግሬ ድረስ መጣች። ሠርቼዋለሁ። እኔ! አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ፣ ድምፅ አውጥቼ።

ኢልሃም ተመልሳ አጠገቤ ቆመች። "ለሌላ እንግዳ አልከፍተውም። ቅር እንዳይልዎት።"

"እኔስ እንግዳሽ አይደለሁ?"

"ጓዳ የገባ ሰው ምኑን እንግዳ ሆነ?" አለችና የልጆቹን ልብስ ከወንበሩ ላይ አንስታ አስቀመጠችኝ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለከበበ አንድ በአንድ ነገርኩት። ብርሃኑን፣ በሮቹን፣ ሁሉንም። "እኔ በረንዳ ላይ ነፋስ ስበላ?" አለ። "ታዲያ እኔ መቼ ነው የማየው?"

"አንተማ እንግዳ ነህ" አልኩት።